የምህዋር ስሌትን ሙያዋ ለማድረግ ለምታስብ የባሕር ዳር ተማሪ

ውድ እህቴ፣

በባሕር ዳር ፖሊ ካምፓስ የሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ እንደሆንሽ፣ መንኩራኩርን በጥቂት ነዳጅ ወደ ጨረቃ ምህዋር ስለማስገባት አንብበሽ ልብሽ እንደተሳበ፣ ለዚህም ስትዪ ወደ ፊዚክስ ለመዛወር እንዳሰብሽ ጽፈሽልኛል። ምክሬ እንዳትዛወሪ ነው።

በቀጥታው መንገድ የምትጓዝ መንኩራኩር በጥቂት ቀናት ጨረቃ ዘንድ ትደርሳለች፤ ነገር ግን በፍጥነት ስለምትደርስ በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ለመዞር ሞተሯን አስነሥታ ከፍጥነቷ በሰከንድ 820 ሜትር ያህል መቀነስ ይኖርባታል። የምህዋር ስሌት ባለሙያዎቹ ኤድዋርድ ቤልብሩኖና ጄምስ ሚለር ግን ለጨረቃ ምህዋር የሚበቃ ነዳጅ ላልተያዘላት የጃፓን መንኩራኩር ለሂተን ሌላ መንገድ ቀየሱ፤ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የፀሐይ ስበት አቅጣጫዋን እንዲያስተካክልላት ተደርጎ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1991 ዝግ ብላ ጨረቃ ዘንድ ደረሰች። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ዳርቻው ሲቃረብ መቅዘፊያውን ቀድሞ እንደሚያነሣ አይተሻል፤ ጠፈር ላይ የሚያዘገይ ውኃ ስለሌለ ያንን ሥራ በከፊል የፀሐይ ስበት ይሠራል።

ይህ ማለት ነዳጅ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ወደዚያው ዝቅተኛ ምህዋር ለመውረድ አሁንም በሰከንድ 650 ሜትር ያህል መቀነስ ያስፈልጋል። የሞተሯ ጋዝ በሰከንድ 3.1 ኪሎ ሜትር የሚወጣ፣ 500 ኪሎ ግራም የምትመዝን መንኩራኩር በቀጥታው መንገድ 116፣ በዚህኛው 95 ኪሎ ግራም ገደማ ታቃጥላለች፤ የተረፈው 21 ኪሎ ግራም ለመለኪያ መሣሪያ ይውላል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ የደቡብ ኮሪያዋ ዳኑሪ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ ዓይነት መንገድ ለመድረስ ከአራት ወር በላይ ፈጅቶባታል።

እንግዲህ ሥራው የሚጠይቀው የሞተር ዕውቀት፣ የቁጥጥር ትምህርትና እኩልታን በኮምፒውተር መፍታት ነው፤ ሦስቱም ካለሽበት ክፍል አይርቁም። የጎደለሽን የምህዋር ፊዚክስ ፔዳ ካምፓስ ካለ የፊዚክስ መምህር እየጠየቅሽ ሙዪው። በአገራችን ወደ ጨረቃ የሚላክ መንኩራኩር ስለሌለ ቅርቡ ሥራ ሳተላይት መከታተል መሆኑን ልደብቅሽ አልፈልግም፤ ሆኖም በእጅሽ የሠራሽው ስሌት ለውጭ የትምህርት ዕድል ስታመለክቺ ከውጤትሽ እኩል ይናገርልሻል።

የመመረቂያ ሥራሽን የምድር፣ የጨረቃና የመንኩራኩር ሥርዓት አድርጊው። ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፊው፤ ውጤቱንም ናሳ በነጻ ከሚሰጠው ጂማት ከተባለው የጠፈር ጉዞ ማስሊያ ፕሮግራም ጋር አስተያዪው። ፀሐይን ከመጨመርሽ በፊት ግን የያኮቢ ቋሚ የሚባለው፣ የመንኩራኩሯን ጉልበት የሚገልጸው ቁጥር፣ ሞተሯ እስካልተነሣ ድረስ ከጉዞው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለወጥ መቆየቱን አረጋግጪ፤ ከተንሸራተተ የጊዜ እርምጃሽን፣ ማለትም ስሌቱ በአንድ ጊዜ የሚዘለውን የጊዜ ርዝመት፣ አሳጥረሽ እንደገና አስሊው።