ለዓመታት ሣጥን ውስጥ የቆየ የፊልም ካሜራ፦ ከመፍታትዎ በፊት

ከአጎትዎ ያገኙት ኦሊምፐስ ኦኤም-1 ካሜራ ለብዙ ዓመታት ሣጥን ውስጥ መቆየቱን፣ በዝግተኛ ፍጥነቶች ሲያነሡ ከሌንሱ ጀርባ ያለው መስታወት ወደ ላይ ተሰቅሎ እንደሚቀር፣ የብርሃን መለኪያው መርፌ እንደማይንቀሳቀስ፣ ጀርባውን ሲከፍቱም የሚያጣብቅ ጥቁር ፍርፋሪ እንደሚረግፍ ገልጸው፣ ራስዎ ይፍቱት ወይስ ለባለሙያ ይስጡት እንደሆነ ጠይቀዋል። የድሮ ካሜራዎችን መጠገንና በእነሱ ፎቶግራፍ ማንሣት ለረጅም ጊዜ የዘለቀ የትርፍ ጊዜ ሥራዬ በመሆኑ በዝርዝር ልመልስልዎት። ከገለጻዎ እንደምረዳው ካሜራዎ የተሰበረ ነገር ያለው አይመስለኝም። የጠቀሷቸው ምልክቶች በሙሉ በእርጅናና ያለ ሥራ በመቀመጥ የሚመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሣትዎ በፊት የእያንዳንዱን ምልክት መነሻ ለይተው ማወቅ አለብዎት።

ከመስታወቱ እንጀምር። በዚህ ካሜራ ላይ ከሌንስ መግጠሚያው ጎን መስታወቱን ሆን ብሎ ወደ ላይ አንሥቶ የሚያስቀምጥ ትንሽ ማዞሪያ ስላለ፣ በመጀመሪያ እሱ በቦታው መሆኑን ያረጋግጡ። እሱ ካልሆነ ምክንያቱ ያለው መስታወቱ ላይ ሳይሆን ሻተሩ ላይ፣ ማለትም ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚገባበትን ጊዜ በሚወስነው ክፍል ላይ ነው። አዝራሩ ሲጫን መስታወቱ ይነሣል፣ የመጀመሪያው የጨርቅ መጋረጃ ይሮጣል፣ የተመረጠው ጊዜ ሲያልፍ ሁለተኛው መጋረጃ ይከተለዋል፤ መስታወቱ የሚመለሰውም ሁለተኛው መጋረጃ ጉዞውን ጨርሶ ማስለቀቂያውን ሲነካ ብቻ ነው። እንግዲህ መስታወቱ ተሰቅሎ ቀረ ማለት ሁለተኛው መጋረጃ አልደረሰም ማለት ነው። በዝግተኛዎቹ ፍጥነቶች፣ ማለትም ከአንድ ሰከንድ እስከ 1/30 ሰከንድ አካባቢ ባሉት፣ ሁለተኛውን መጋረጃ ይዞ የሚያዘገየው በጣም ትናንሽ ጥርሶች ያሉት የማዘግያ ክፍል ነው። የዚህ ክፍል ዘይት በዓመታት ብዛት ሲረጋና ሲወፍር ጥርሶቹ መሽከርከራቸውን ያቆማሉ። ፈጣኖቹ ፍጥነቶች ይህን ክፍል ስለማይጠቀሙበት ደኅና ይሠራሉ፤ እርስዎም ችግሩ የሚታየው በዝግተኛዎቹ ብቻ እንደሆነ መጻፍዎ ግምቴን ያጠናክረዋል።

የሚጀምሩትም ምንም ሳይፈቱ ነው። ሌንሱን ያውጡ፣ ፊልም ሳያስገቡ ካሜራውን እያጠነጠኑ ከፈጣኑ ፍጥነት ወደ ዝግተኛው እየወረዱ በየደረጃው ደጋግመው ያስነሡት፤ ይህንንም ለጥቂት ቀናት ያድርጉ። የረጋው ዘይት በእንቅስቃሴ ብቻ የሚላቀቅበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ለውጡን ለመለካት ጀርባውን ከፍተው ካሜራውን ወደ ብርሃን ያዙሩትና በሰከንድ 240 ምስል በሚቀርጽ ስልክ ይቅረጹት፤ 1/30 ሰከንድ ትክክል ከሆነ ብርሃኑ 8 ያህል ምስሎች ላይ ይታያል፣ 1/15 ሰከንድ ደግሞ 16 ያህል ላይ። ከ1/125 በላይ ላሉት ፍጥነቶች ግን ይህ መንገድ አያስተማምንም፤ ለእነሱ የሚሻለውን ከታች አነሣዋለሁ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምቃወመው አንድ ልማድ አለ። ብዙዎች የላይተር ቤንዚን ወይም በመርጫ ቆርቆሮ የሚሸጥ ዘይት ወደ ውስጥ እንዲፈስ ይመክራሉ። ቤንዚኑ የረጋውን ዘይት ያሟሟዋል እንጂ አያስወግደውም፤ የሟሟው ዘይት ወደ መጋረጃው ይሄዳል፤ የመጋረጃው ጨርቅ ደግሞ ብርሃን እንዳያሳልፍ በጎማ የተለበጠ ስለሆነ ይጎዳል። በሌንሱ ውስጥ እንደ ቅጠል የሚከፈቱና የሚዘጉ ስስ ብረቶች ያሉት ሻተር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እነዚያ ብረቶች ፈጽሞ ደረቅ መሆን ስላለባቸው በጥቂት ቤንዚን እየተጠረጉ ይጸዳሉ። የእርስዎ ካሜራ ግን ከዚህ ወገን አይደለም። በልምምድ ካልተሻለው የማዘግያው ክፍል ታጥቦ በጣም ጥቂት አዲስ ዘይት ሊያገኝ ይገባል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። የመጋረጃውን ሞላ የሚወጥሩትን ብሎኖች ደግሞ ያለ መለኪያ መሣሪያ ማንም ሊነካቸው አይገባም። አንዱን ፍጥነት ያስተካከለ የሚመስለው ትንሽ ዙር የሁለቱን መጋረጃዎች ሚዛን ስለሚያዛባ፣ ከዚያ በኋላ የባለሙያውም ሥራ እጥፍ ይሆናል።

ጥቁሩ ፍርፋሪ ብርሃን እንዳይገባ በጀርባው ክዳን ዙሪያና መስታወቱ በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ ነው። ይህ ሥራ ያለ ሥጋት የእርስዎ ሊሆን ይችላል። በእንጨት ስንጥርና በአይሶፕሮፒል አልኮል በትዕግሥት ይፋቁት፤ ፍርፋሪው ወደ መጋረጃው እንዳይወድቅ ካሜራውን አዘንብለው ይያዙ፤ መስታወቱንም ሆነ መጋረጃውን በጣትም በጥጥም አይንኩ፤ የመስታወቱ ልባጥ ፊቱ ላይ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም። በክዳኑ ጠባብ ቦዮች ውስጥ ጥቁር የሱፍ ክር ማስገባት ከስፖንጅ ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ለመስታወቱ ማረፊያ ግን ስስ ስፖንጅ ያስፈልጋል። በዚህ ሞዴል ላይ በተለይ የሚያሳስበኝ ከላይኛው ክዳን ሥር፣ ከፕሪዝሙ (ምስሉን ከመስታወቱ ወደ ዓይንዎ ከሚያደርሰው ብርጭቆ) ጋር ተጠግቶ ያለው ስፖንጅ ነው። እሱ ሲበሰብስ የፕሪዝሙን የብር ልባጥ ይበላዋል። በቪውፋይንደሩ፣ ማለትም ዓይንዎን አስጠግተው በሚመለከቱበት መስኮት፣ ሲያዩ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ወይም መስመር ካለ መበላቱ ጀምሯል፤ ከሌለ ደግሞ ሳይጀምር ማስወጣት የሚቻልበት ጊዜ አሁን ነው። ካሜራውን ለባለሙያ የሚሰጡ ከሆነ ይህን ለይተው ይንገሩት።

የብርሃን መለኪያውን በተመለከተ መጀመሪያ ከላይ ያለው ማብሪያ መከፈቱን ይመልከቱ፤ ቀጥሎ የባትሪውን ቤት ይክፈቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ፣ የአልካላይን ባትሪ ያፈሰሰው ከሆነ፣ በነጭ ኮምጣጤ በራሰ የጥጥ እንጨት ጠርገው ያድርቁት፤ ከዚያ በኋላም መርፌው ካልተነሣ ከባትሪው ቤት የሚወጣው ሽቦ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ካሜራ የተሠራው 1.35 ቮልት ለሚሰጠው ፒኤክስ 625 የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ እሱ በመርዛማነቱ ምክንያት ከገበያ ወጥቷል። በመጠን የሚመሳሰለው የአልካላይን ባትሪ 1.5 ቮልት ስለሚሰጥ ንባቡን ያዛባል፤ ይባስ ብሎ ኃይሉ ከአገልግሎት ጋር እየወረደ ስለሚሄድ ስሕተቱም ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፤ በካሜራው ላይ የፊልሙን አይሶ (ፊልሙ ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚገልጸውን ቁጥር) በመቀየርም በአስተማማኝ ሁኔታ ማካካስ አይቻልም። ለመስማት ማገዣ መሣሪያ የሚያገለግለው 675 ቁጥር ዚንክ-ኤር ባትሪ ግን 1.4 ቮልት አካባቢ ሆኖ ሳይዋዥቅ ይቆያል፤ በዙሪያው ትንሽ ቀለበት አድርገው ያስገቡት። ጉድለቱ ማሸጊያው ከተነሣ በኋላ ጥቂት ወራት ብቻ መቆየቱ ነው። ከሁሉ በላይ ደስ የሚያሰኘው ሻተሩ ሙሉ በሙሉ መካኒካዊ በመሆኑ ካሜራው ያለ ባትሪም መሥራቱ ነው። ጥርት ባለ ፀሐይ አፐርቸሩን (በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ኤፍ 16 ላይ፣ ፍጥነቱን ከፊልሙ አይሶ ጋር ወደሚቀራረበው ቁጥር፣ ለምሳሌ ለአይሶ 100 በ1/125 ላይ ማድረግ በቂ መነሻ ነው።

የታችኛውን ክዳን ለመክፈት ከወሰኑ፣ የጃፓን ካሜራዎች ብሎኖች በአብዛኛው ጄአይኤስ በሚባለው የጃፓን የኢንዱስትሪ ደረጃ የተቀረጹ መሆናቸውን ይወቁ፤ ተራው ባለ መስቀል ካቻቪቴ ጥልቀቱ ስለማይገጥም የብሎኑን ራስ ይበላዋል። በየደረጃው በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ብሎኖቹ በርዝመት ስለሚለያዩም እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ሥዕል ላይ ያስቀምጡ። ፍላሽ የተገጠመላቸውን ትናንሽ አውቶማቲክ ካሜራዎች ግን ለመለማመጃ ብለው እንዳይከፍቱ አደራ እላለሁ፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው የፍላሹ ካፓሲተር ባትሪው ከወጣም በኋላ 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ይህን ሁሉ ሲጨርሱ የመጀመሪያውን ፊልም ለመመርመሪያ ያውሉት። አንድ ወጥ ብርሃን ያለው ግድግዳ ፊት ካሜራውን አቁመው፣ ብርሃኑ ሳይለወጥ በ1/1000 ከኤፍ 2.8፣ በ1/500 ከኤፍ 4፣ በ1/250 ከኤፍ 5.6፣ በ1/125 ከኤፍ 8፣ በ1/60 ከኤፍ 11፣ በ1/30 ከኤፍ 16 ጋር ያንሡ። ወደ ፊልሙ የሚገባው የብርሃን መጠን በሁሉም እኩል ስለሆነ ኔጌቲቮቹም (ብዙ ብርሃን ያገኘው ቦታ የሚጠቁርባቸው የታጠበው ፊልም ምስሎች) እኩል መጥቆር አለባቸው። አንዱ ከሌሎቹ ከሣሣ ያ ፍጥነት ከተጻፈው በላይ ይፈጥናል፣ ከጠቆረ ደግሞ ይዘገያል። በአንዱ ምስል ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የጥቁረት ልዩነት ካዩ ሁለቱ መጋረጃዎች እኩል እየሮጡ አይደሉም፤ ጥቁረቱ ከምስሉ ወጥቶ እስከ ፊልሙ ቀዳዳዎች ከደረሰ ግን ብርሃን የሚገባው በክዳኑ ነው። የ1/1000 መጠነኛ መዘግየት አያስጨንቅዎት፤ የኔጌቲቭ ፊልም ትርፍ ብርሃንን በቀላሉ ይታገሣል። የእያንዳንዱን ምስል ፍጥነትና አፐርቸር ጽፈው ይያዙ፤ ፊልሙ ከታጠበ በኋላም ኔጌቲቮቹን ነጭ ብርሃን ላይ አድርገው በስልክ አንሥተው ቢልኩልኝ የቀረው ሥራ የእርስዎ ይሁን የባለሙያው አብረን መለየት እንችላለን።