ወኔ የላቸውም ከማለታችሁ በፊት

ኳስ ለምትጫወቱ የጅማ ልጆች፣

ከእናንተ አንዱ፣ የኮቼ ሰፈር ልጅ፣ በቀደም መንገድ ላይ አስቆመኝ። «ጋሼ፣ ቡድናችን ጨዋታ ሲጀመር ለምንድነው የሚተኛው? ሁለት ከገባብን በኋላ ነው የምንነቃው። አሰልጣኛችን ወኔ የላችሁም ይለናል። እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ።

መንገድ ላይ አጭር መልስ ሰጥቼው ተለያየን። ነገሩ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ከተጫዋችነቴ ይልቅ በወጌሻነት ነው የኖርኩት። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚሮጠው ሰውዬ እኔ ነበርኩ። ወጌሻ ቡድኑን በእጁ ነው የሚያውቀው። ማን እንደፈራ፣ ማን እንዳልተኛ፣ ማን ጉዳቱን እንደደበቀ ጭኑን ሲያሹት ይታወቃል። ስለዚህ ስለ ወኔ ሲወራ ዝም ማለት አልችልም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። የቡድኑን ስም አልጠራም። ብዙዎቹ ሰዎች ዛሬም እዚሁ ከተማ አሉ። ጨዋታው በሜዳችን ነበር፤ የሚጀመረው 10 ሰዓት ላይ። ወሩ ሰኔ ነው። የጅማን ሰኔ ታውቁታላችሁ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ከጅሬን በኩል ነፋስ ይመጣል፣ ሜዳው ጠዋት የወረደውን ዝናብ ገና አልጨረሰም። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተዋል ስለተባለ ሰው ግጥም ብሎ ወጥቷል።

ልጆቹ ደህና አድርገው አሟሟቁ። ቀስ ያለ ሩጫ፣ ማፍታታት፣ አጭር አጭር ፍጥነት፣ ቅብብል። ላባቸው ጠብ እያለ ወደ መልበሻ ክፍል ገቡ። ማሊያ ቀይሮ፣ የታኬታ ማሰሪያ አጥብቆ መውጣት ነበር የቀረው።

በሩ ተከፈተና አንድ የቡድኑ ኃላፊ ገቡ። ሱፍ ለብሰዋል። ከኋላቸው ሌሎች ሰዎች ተከትለዋል። «ተቀመጡ» አሉ። ልጆቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ኃላፊው ስለ ከተማው ክብር ተናገሩ። ስለ ንጉሡ አባ ጅፋር ተናገሩ። ከዚያ ወደ በጀት ገቡ፤ ለነዳጅ ስንት እንደወጣ፣ ለማሊያ ስንት እንደወጣ። ቀጥሎ አንዱ እንግዳ «እኔም አንድ ነገር ልጨምር» አለ።

ክፍሉ ሲሚንቶ ነው። መስኮቱ መስታወት የለውም። የቀኝ ተመላላሽ የሆነው ልጅ አጠገቤ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሮጥ መሬት የማይነካ የሚመስል ልጅ። ጭኑ ላይ ጸጉሩ ሲቆም አየሁ። እጄን ሳሳርፍበት ቀዝቅዟል። አሰልጣኙን በጆሮው ነገርኩት። አሰልጣኙ ኃላፊውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዝም አለ። እጄን አወጣሁና «ጌታዬ፣ ልጆቹ እየቀዘቀዙ ነው» አልኩ። «አንተ ዘይትህን ቀባ» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ፤ ምን ያድርጉ።

ያሞቁትን ምጣድ ከእሳት አውርዶ፣ ወሬ ሲያወሩ ቆይቶ ሊጥ ቢያፈሱበት እንጀራው ዓይን አያወጣም። የጡንቻም ነገር ያው ነው። ሲሞቅ ቶሎ ይኮማተራል፣ ቶሎ ይዘረጋል። ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፣ በድንገት ሲጎትቱት ደግሞ ይቆጣል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በኋላ ይህን በእረፍት ሰዓት ለክተውታል። 15 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ያረፈ ተጫዋች የጭኑ ጡንቻ ሙቀት 2 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ሲመለስ ፍጥነቱም ይቀንሳል። እረፍቱ ላይ ትንሽ የተንቀሳቀሱት ግን ፍጥነታቸው አልቀነሰም። ያኔ ጥናቱም አልነበረም። እጄ ግን ያውቀው ነበር።

ከክፍሉ ስንወጣ ደግሞ ተሰልፎ እንግዶችን መጨበጥ መጣ። አንድ በአንድ። ካፊያው ጀምሯል። ከዚያ ፊሽካ ተነፋ።

ገና ጨዋታው ሳይደላደል በዚያ በቀኝ ተመላላሹ ልጅ ከኋላው ረጅም ኳስ ተላከበት። ዞረ። መነሳት ሲጀምር የጭኑ የኋላ ጡንቻ ያዘው። እጁን ወደ ጭኑ ሲልክ ከወንበሩ ሆኜ አየሁት። የነሱ የክንፍ ተጫዋች አልፎት ሄደ፣ አሻገረ፣ ገባ። ልጁ ልቀየር ብሎ አልጠየቀም። ያን ሁሉ ንግግር ሰምቶ እንዴት ይጠይቅ? እያነከሰ ቆየ። ሁለተኛውም በዚያው መስመር መጣ። ከእረፍት በፊት ቀየሩት።

ሲወጣ ከወዲያ በኩል አንዱ «ቅሞ ነው የገባው!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀበለው። በጅማ እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተጣበቀ እንደማይለቅ እናንተም ታውቃላችሁ። ልጁ ጫት በአፉ ዞሮ አያውቅም። ኃላፊው ከጨዋታው በኋላ ተመልሰው ገቡና «ወኔ የላችሁም» አሉን። አሰልጣኙ ያኔም ዝም አለ። እኔ በየሻይ ቤቱ እውነቱን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ሰው ግን የጫቱን ወሬ ነው የወደደው። ዓመቱ ሲያልቅ ልጁ ኳስ ተወ።

አሁን የእንጨት ሥራ ነው የሚሠራው። በርጩማ ይሠራል፣ ወንበር ይሠራል፣ እጁ የተባረከ ነው። መርካቶ ስንገናኝ ስለ ዋንዛ ዋጋ ያጫውተኛል። ስለ ኳስ አንስቶብኝ አያውቅም። እኔም አላነሳም። ሲያጫውተኝ ግን ዓይኔ ሳላውቀው ወደ ጭኑ ይሄዳል።

እንግዲህ ለኮቼው ልጅ ጥያቄ የመጀመሪያ መልሴ ይሄ ነው። ጨዋታው የሚጠፋው ከፊሽካው በፊት ባለው ሰዓት ነው። ወኔን በኋላ ነው የምንፈልገው፣ ጥፋተኛ ስናጣ። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት፣ በ2010፣ ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው ሁሉ «ወኔ!» አለ። በ2014 ሲወርድ ያው ሰው «ወኔ የላቸውም» አለ። በመሃል የሆነውን የጠየቀ ጥቂት ነው።

ሌሎች ደግሞ ከፍታውን ይወቅሳሉ። ጅማ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። አዲስ አበባ ከዚህ በብዙ ትበልጣለች። ታዲያ ከዚያ የሚመጣው ቡድን በመጀመሪያው ደቂቃ ሲሮጥባችሁ ከፍታው የት ገባ? ይልቅ መንገዱን ብትሉኝ እስማማለሁ። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አውቶቡስ ውስጥ ታጥፎ ጊቤን አቋርጦ በማግስቱ የሚጫወት እግር ቶሎ አይነቃም። እናንተ ግን በባጃጅ ነው የምትመጡት።

እውነቱን ልናገርና የናንተን ማሟሟቅ አይቼዋለሁ። ሦስቱ ቀድመው ይመጣሉ፣ አራቱ ዘግይተው ይደርሳሉ፣ አንዱ ስልክ ደግፎ ለቲክቶክ ይቀረጻል። ከዚያ ተሰልፎ ወደ ጎል መምታት ነው። በረኛው ብቻ ነው የሚሞቀው። ፊፋ ለአማተር ቡድኖች ያወጣው የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ፤ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ከኳስ በቀር ዕቃ አይጠይቅም፣ በዚያው በስልካችሁ ታገኙታላችሁ። እኛ እንዲህ ያለ ነገር ስላልነበረን ከሰው አፍ ነበር የምንለቅመው። አንዳንዴ ታስቀኑኛላችሁ፣ አንዳንዴ ታናድዱኛላችሁ።

ስታሟሙቁ መጨረሻው ፈጣን ይሁን፤ የጨዋታውን ፍጥነት ሰውነታችሁ አስቀድሞ ይቅመሰው። ከጨረሳችሁ እስከ ፊሽካው ከ10 ደቂቃ በላይ አይለፍ። ዳኛው ከዘገየ፣ ወይ አንድ ትልቅ ሰው ሊመክራችሁ ከመጣ፣ ቆማችሁ ስሙ። ዝለሉ፣ እግር ቀያይሩ። ነውር አይደለም። 9 ሰዓት ለሚጀመር ጨዋታ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ጥብስ የሚበላ ልጅ ካለ ደግሞ እሱ የመጀመሪያውን አጋማሽ ለሆዱ ነው የሚጫወተው። ከባዱን ምግብ ከ6 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ውሃ ጠጡ፣ በጊዜ ተኙ የሚለውን እናቶቻችሁ ይንገሯችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ከ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የግብ ምት ከሳጥን ሳይወጣ መቀበል ተፈቅዷል። በቴሌቪዥን ትልልቆቹ ክለቦች ከበረኛው አጭር አጭር ሲጀምሩ ታያላችሁ። ያምራል። ገና ያልሞቀ ተከላካይ፣ በረጠበ ሜዳ፣ በሁለተኛው ደቂቃ ይህን ሲያደርግ ግን እጄን ራሴ ላይ እጭናለሁ። እስክትረጋጉ ኳሱን ወደ መስመር ወደፊት ላኩት፣ ተከትላችሁም ውጡ። የመጀመሪያው የግብ ምት የት እንደሚሄድ ሁላችሁም ከመግባታችሁ በፊት እወቁ። ብዙው ድንግዝግዝ የሚመጣው ሁሉም አንዱ እስኪጀምር ስለሚጠብቅ ነው።

ንግግር ጥቅም የለውም ብያለሁ መሰለኝ። አንድ አምበል ነበረን፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ተከላካይ። ከመግባታችን በፊት «የመጀመሪያው ቴስታ የኔ ነው» ይል ነበር። ሌላ ነገር አይጨምርም። ሄዶም ይመታታል። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ሌላ ነበር። ስለዚህ ንግግርም ይሠራል ማለት ነው፤ የሚናገረው ሰው አብሮ የሚጫወት ከሆነ።

ቀስ ብሎ መጀመርም ሁሌ ሽንፈት አይደለም። በ1954 አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ቀድማ አግብታብን ነበር። አቻ ሆንን፣ እንደገና ቀደሙን፣ እንደገና አቻ ሆንን፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። ታላላቆቼ ሲያወሩት ስለ መጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ትንፍሽ አይሉም። በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ ኔዘርላንድ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጀርመኖች ኳስ ሳይነኩ ፔናሊቲ አግኝታ አገባች። ዋንጫውን የወሰደችው ግን ጀርመን ናት።

ስለዚህ አንተ የኮቼው ልጅ፣ መጀመሪያ በእርግጥ የምትተኙ መሆናችሁን አረጋግጥ። የመጀመሪያ ግብ ከገባብን ሌላው ሁሉ ይረሳናል። በብዙ ሊጎች እንኳ ከመጀመሪያው አጋማሽ ይልቅ በሁለተኛው ነው ብዙ ግብ የሚቆጠረው። ተቀያሪ ለሆነ ልጅ ደብተር ስጠው። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ስንት ኳስ እንደነጠቃችሁ፣ ስንቴ እንደተነጠቃችሁ፣ በየትኛው መስመር እንደሆነ ይጻፍ። ማሟሟቁ ስንት ሰዓት እንዳለቀ፣ ፊሽካው ስንት ሰዓት እንደተነፋም ከጎኑ ይመዝገብ። ጥቂት ጨዋታ ከያዛችሁ በኋላ አምጣውና አብረን እንየው። የምትነጠቁት ሁሌ በአንድ መስመር ብቻ ከሆነ የማሟሟቅ ጉዳይ ላይሆን ይችላል፤ ያኔ ከአሰልጣኛችሁ ጋር ስለ አሰላለፍ ማውራት ይኖርብሃል። ይምጣ በለው፣ ሻይ እኔ እጋብዛለሁ።