«ሃርቨስት» ሁሉ ምርት መሰብሰብ ነው?

የዛሬው ጥያቄ ከአዳማ የመጣ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ለአርሶ አደሮች ሥልጠና የሚውል ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ‹ሃርቨስት› የሚለው ቃል በየገጹ አለ። እኔም ሁሉንም ‹ምርት መሰብሰብ› እያልኩ ሄድኩ። ረቂቁን ያሳየኋቸው አንድ የወንጂ ሰው ‹አገዳ ይሰበሰባል እንዴ?› ብለው ሳቁብኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹መኸር› በለውና ተገላገል ይለኛል። የቱ ይሻላል? ‹ፖስት ሃርቨስት› የሚለውንስ ምን ልበለው?»

የወንጂው ሰው መሳቃቸው አይፈረድባቸውም። እንግሊዝኛው አንድ ግስ ይዞ ከስንዴ እስከ ቲማቲም፣ ከማር እስከ ዝናብ ውሃ ይዘልቃል። አማርኛ ግን እንዲህ ሁሉን ጠቅላይ የሆነ ቃል የለውም። በምትኩ ብዙ ግሶች አሉት። የቱን ግስ እንደምንጠቀም የሚወስነው ሰብሉ ነው፤ ይበልጥ ለማጥራት፣ እጃችን ሰብሉ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው።

ከአዳማ ብዙም ሳንርቅ እንየው። የምንጃር ጤፍ ይታጨዳል። መሣሪያው ማጭድ፣ ሥራው አጨዳ። ግዕዙ «ዐፀደ» እና «ማዕፀድ» ይላል፤ «ፀ» በአማርኛ «ጨ» ሆነና አጨደ፣ ማጭድ አልን። («ዕፅ» እንጨት የሆነው በዚሁ መንገድ ነው።) ያው የምንጃር ገበሬ ሽምብራና ምስር ላይ ሲደርስ ግን ግሱን ይቀይራል። እነዚያ ከነሥራቸው ይነቀላሉ። ወደ መቂ ወረድ ብንል ቲማቲሙ ይለቀማል፣ ሽንኩርቱ ይነቀላል። የሻሸመኔ ድንች ይቆፈራል። ጥጥና ቡና ይለቀማሉ። ጫት ይቀነጠሳል።

አገዳስ? አገዳ ይቆረጣል። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። በአገዳ መሃል ላደገ ሰው ሥራው ቆረጣ፣ ሠራተኛውም አገዳ ቆራጭ ነው። «አገዳ ሰብሳቢ» ቢሉት መሬት ላይ የወዳደቀውን የሚለቃቅም ሰው ነው የሚመስለው። ማርም እንደ አገዳ ይቆረጣል። ለነገሩ ማር መሰብሰብ የንቧ ሥራ ነው፤ ሰውየው የሚመጣው ካለቀ በኋላ ነው።

ወደ አርሲ ስንዴ ከተሻገርን ኮምባይነር እናገኛለን። ማሽኑ ያጭዳል፣ ይወቃል፣ ያበጥራል። ስሙንም ያገኘው ሦስቱን ሥራ አንድ ላይ አጣምሮ በመያዙ ነው። ለዚህ አዲስ ቃል ለመፍጠር አይድከሙ። ገበሬው «ኮምባይነር» ብሎ ከተቀበለው ቆይቷል፤ «ጥምር የሰብል መሰብሰቢያ ማሽን» ቢሉት ግን ስለ ምን እንደሚያወሩ መልሶ ይጠይቅዎታል።

አሁን «ምርት መሰብሰብ» ወደሚለው እንመለስ። ስለ ልዩ ልዩ ሰብሎች በጥቅሉ ሲወራ ምንም እንከን አይወጣለትም። ዜናው «የደረሰ ሰብል ዝናብ ሳይመታው ይሰብሰብ» ሲል ጤፉንም ባቄላውንም በአንድ አፍ ነው የሚጠራው። እኔ ግን እዚህ ላይ «ምርት» ከሚለው ይልቅ «ሰብል» የሚለውን እመርጣለሁ። ምክንያት አለኝ። ማሳ ላይ የቆመው እህል ገና ምርት አልሆነም። ሲያሸት እሸት ነው። ሲደርስ ሰብል ነው፣ አዝመራ ነው። ሲታጨድ ነዶ ይሆናል፣ ነዶው ሲደራረብ ክምር። ከዚያ አውድማ ላይ ይወቃል፣ ገለባው ይለያል፣ እብቁ ለነፋስ ይሰጣል። በመጨረሻ ጠርቶ የሚቀረው ነው ምርት የሚባለው። «ምርቱን ከግርዱ መለየት» የምንለውም ለዚህ ነው። ዛሬ «ምርት» ሰፍቶ የፋብሪካ ሳሙናም ምርት ሆኗል፤ ይሁን። ገበሬ ለሚያነበው ጽሑፍ ግን የአውድማው ትርጉም አሁንም ሕያው ነው። እንግሊዝኛው «የዘንድሮ ሃርቨስት ጥሩ ነበር» ሲል ደግሞ የሚያወራው ስለ ሥራው ሳይሆን ስለተገኘው እህል ነው። እዚያ ላይ «ምርት» ልክክ ይላል፦ «ዘንድሮ ምርቱ ጥሩ ነበር።»

ጓደኛዎ «መኸር» ማለቱ ከምንም ተነስቶ አይደለም። እንዲያውም የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ጥንት የወቅት ስም ነበር። እንግሊዞች እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ዛሬ «ኦተም» (መፀው) የሚሉትን ወቅት «ሃርቨስት» ይሉት ነበር። ዘመዱ የጀርመንኛው «ሄርብስት» ዛሬም የወቅቱ መጠሪያ ነው። በእኛ አገር የእርሻ ስታቲስቲክስም ከመስከረም እስከ የካቲት የሚሰበሰበው የመኸር ሰብል፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የሚሰበሰበው የበልግ ሰብል ይባላል።

ችግሩ ሌላ ነው። ሰኔ ላይ ሬዲዮ ይክፈቱ። «የመኸር እርሻ ተጀመረ፣ ይህን ያህል ሄክታር በዘር ተሸፈነ» ሲባል ይሰማሉ። መኸር እዚህ ላይ ማረሱንም መዝራቱንም ጠቅልሎ ይዟል። በመስኖ የለማ የበጋ ስንዴ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሊታጨድ ይችላል። እሱን «የስንዴ መኸር» ካሉት አንባቢው የየትኛውን ወቅት ስንዴ እንደሚያወሩ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ መኸርን ለወቅቱ ይተዉለት።

«ፖስት ሃርቨስት» በመሥሪያ ቤት አማርኛ «ድኅረ ምርት» ሆኗል። «የድኅረ ምርት ብክነት» የሚለውንም ባለሙያው ሁሉ ያውቀዋል። ለሪፖርት ይሆናል። ለሥልጠና ጽሑፍ ግን እኔ ብሆን «ከታጨደ በኋላ የሚባክን እህል» እላለሁ። ቲማቲም ከሆነ «ከተለቀመ በኋላ» ይሆናል። ረዘም ማለቱ አያስፈራዎት፤ ገበሬው ከክምሩ፣ ከአውድማው፣ ከጎተራው የቱ ጋ እህሉ እንደሚባክንበት ወዲያው ይታየዋል። ደርሶ ሳይታጨድ ማሳው ላይ የረገፈውን ግን እዚህ ውስጥ አይጨምሩት። እሱ አጨዳ ከመጀመሩ በፊት የጠፋ ነው፤ «ርጋፊ» ይበሉት።

ከአጨዳ በኋላ ማሳ ላይ የቀረውን መልቀም «መቃረም» ይባላል፣ የተገኘው ቃርሚያ ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ ሌላ ቃል ስላለው ከ«ሃርቨስት» ጋር አያምታቱት።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ «ዋተር ሃርቨስቲንግ» መምጣቱ አይቀርም። ለእሱ የተዘጋጀ ጥሩ ቃል አለ፦ ውሃ ማቆር። በየመንደሩ ጉድጓድ ሲቆፈር ሕዝቡ ለምዶታል። «የዝናብ ውሃ ምርት መሰብሰብ» ብለው የጻፉት ገጽ ካለ ፈልገው ያርሙት።