በሩን የሚያንኳኳ ጓደኛ

ልጆቼ እንደምን ከረማችሁ። ባህርዳር ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ የስፖርት መምህር ሆኜ ሰርቼ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ይሄን የምጽፈው በተለይ ከ13 እስከ 19 ላላችሁት ነው፣ ወላጅም ቢያነበው ደስ ይለኛል። ሀሳቡ ብዙ ዓመት ውስጤ ሲመላለስ የኖረ ነው ግን እንድጽፍ ያደረገኝ ሰሞኑን ያጋጠመኝ ነገር ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ በሐይቁ ዳር ሳይክሌን እየነዳሁ ወደ ጊዮርጊስ ስሄድ ከኋላዬ "ቲቸር!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አንዲት ወደ አርባ የምትጠጋ ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ፈጠን ፈጠን እያለች ትራመዳለች። አላወቅኳትም። ስሟን ስትነግረኝ ነው ትዝ ያለችኝ፣ 9ኛ ክፍል እያለች መቶ ሜትር ስናስሮጥ ሁሌ መጨረሻ የምትወጣ፣ የስፖርት ፔሬድ ሲደርስ ሆዴን አሞኛል ብላ ዛፉ ጥላ ስር የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን በክፍሉ ልጆች ፊት "አንቺን እኮ ኤሊም ይቀድምሻል" ብያት ክፍሉ በሙሉ ስቋል። ይሄን እሷ አላነሳችውም፣ እኔው ነኝ እዛው ቆሜ ያስታወስኩት፣ ደግሞም በጣም አፈርኩ።

ስንት ጊዜሽ ነው ስላት ስድስት ዓመት አለችኝ፣ ከእሁድ በቀር በየቀኑ። ምን አስቀጠለሽ ብዬ ስጠይቃት ደግሞ "ቲቸር እኔ እኮ ስፖርተኛ አይደለሁም፣ እነዚህ በሬን ስለሚያንኳኩ ነው የምወጣው" ብላ ጓደኞቿን አሳየችኝ።

በዛው ባች ውስጥ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ኮከብ የነበረ ልጅ ነበር፣ ኳስ እግሩ ላይ ስትሆን ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚያየው። አሁን ከቤቱ እስከ ስራው አንድ ኪሎሜትር አይሞላም ግን በባጃጅ ነው የሚመላለሰው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ቲሙ ሲበተን ኳሱም ቀረ፣ ከኳስ ሌላ ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስበት ነገር ማንም አላስተማረውም፣ እኔን ጨምሮ። እኔ የማስበው ለውድድር የሚሆን ልጅ መልምዬ ዋንጫ ማምጣቱን ነበር፣ ያልተመረጡት አርባ ምናምን ልጆች ዳር ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። አሁን ሳስበው ስራዬን የማውቅ መስሎኝ የስራዬን ግማሹን ብቻ ነው የሰራሁት።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያላችሁ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ ትንፋሽ የሚያሰኝ እንቅስቃሴ ያስፈልጋችኋል ይላል፣ ከዛ ውስጥ በሳምንት ቢያንስ ሶስት ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር መሆን አለበት፣ መዝለል፣ መሮጥ፣ ሸክም ማንሳት እንደዛ ያለው። በ146 አገራት የተሰበሰበ መረጃ ሲታይ በፈረንጆቹ 2016 ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ተማሪዎች 81 ከመቶው እዛ አይደርሱም፣ ሴቶቹን ለብቻ ስናይ 85 ከመቶ ነው፣ ወንዶቹ 78። ይሄ የሰነፎች ቁጥር አይደለም፣ አምስት ልጆች ቆመው አራቱ ማለት እኮ ነው። አራት ልጅ አንድ ላይ ሲቀር ጥፋቱ የልጆቹ ነው ብዬ አላምንም።

አጥንትን ካነሳሁ አይቀር፣ አጥንታችሁ ከሚያጠራቅመው ጥንካሬ አብዛኛውን የሚያጠራቅመው እስከ 20 ዓመት አካባቢ ነው። ከዛ በኋላ ያለው እድሜ ያጠራቀማችሁትን መጠበቅ ነው። ስለዚህ "ስራ ስይዝ ጂም እገባለሁ" የምትሉት ነገር ጡንቻውን ሊያመጣላችሁ ይችላል፣ አጥንቱ ላይ ግን ትልቁ ጊዜ አልፏል።

ፊንላንድ ውስጥ በፈረንጆቹ 1980 የጀመረ አንድ ጥናት አለ፣ ከ3 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆችን መዝግቦ ትልቅ ሰው እስኪሆኑ ድረስ የተከታተለ። እንቅስቃሴን በሚመለከት ካገኙት ውስጥ ልቤ ውስጥ የቀረው በልጅነታቸው ሳያቋርጡ ለዓመታት ስፖርት የሰሩት አዋቂ ሲሆኑም ንቁ ሆነው የመገኘት እድላቸው ከሌሎቹ የሰፋ መሆኑ ነው። ሳያቋርጡ የሚለውን ያዙልኝ። አንድ ክረምት ሙሉ በቀን ሁለቴ ሰርቶ መስከረም ላይ ከሚያቆመው ልጅ ይልቅ በሳምንት ሶስቴ ግማሽ ሰዓት እየሰራ ዓመት ያደረሰው ይሻለኛል።

ታዲያ መቼ ነው የምታቆሙት? እኔ ያየሁት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው 8ኛና 12ኛ ክፍል፣ ፈተና ሲመጣ። ቤተሰብ "አሁን ኳሱን ተወውና አጥና" ይላል፣ ልጁም ይተዋል፣ ከፈተና በኋላ እመለሳለሁ ይላል ግን አይመለስም ምክንያቱም ጓደኞቹም ተበትነዋል። ወላጆች እባካችሁ፣ ሙሉ ቀን ቁጭ ብሎ ሲያጠና የዋለ ልጅ ማታ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢሮጥ ፈተናው አይወድቅም፣ እንደውም ሲመለስ ጭንቅላቱ ተከፍቶ ነው የሚቀመጠው።

ሁለተኛው የሴቶቹ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እስከ 12 ዓመቷ ድረስ ከወንድሞቿ እኩል ሳይክል ትነዳለች፣ ገመድ ትዘላለች፣ ከዛ አንድ ቀን "አሁን እኮ ትልቅ ልጅ ነሽ" ትባላለች፣ አለቀ። ትምህርት ቤት ውስጥ ልብስ የምትቀይርበት ክፍል የለም፣ የወር አበባዋ የመጣ ቀን የምታማክረው ሰው የለም፣ የስፖርት መምህሩ ወንድ ነው፣ ሜዳው ዙሪያ ወንዶቹ ቆመው አስተያየት ይሰጣሉ። እኔ ያኔ ሆዴን አሞኛል ስትለኝ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ሰበብ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። ሴት ልጆቼ፣ ሁለት ወይ ሶስት ሆናችሁ ውጡ፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ በአንድ ለካፊ ነው የምታቆሙት፣ ሶስት ከሆናችሁ ግን እርስበርስ እየተጫወታችሁ ታልፉታላችሁ። ወንዶቹ ደግሞ ሜዳ ዳር ቆማችሁ እህቶቻችሁን አትልከፉ፣ ልመናም ትዕዛዝም ነው።

ሌላው ጥፋቴ ቅጣቱ ነው። ያረፈደን ሜዳውን አምስት ዙር አስሮጥ ነበር፣ ያወራን ሃያ ፑሽ አፕ። ሁላችንም እንደዛ ነው የተማርነው፣ እንደዛው አስተማርን። ግን አንድ ልጅ ሩጫን የሚያውቀው በቅጣትነቱ ከሆነ የሚቀጣው ሰው ሲጠፋ ለምን ብሎ ይሮጣል? ዛሬ ሜዳ ላይ ያላችሁ ወጣት መምህራን ካነበባችሁት ይሄን ተዉት፣ ልጁን ሌላ ነገር ቅጡት።

እኛ ከተማ ደግሞ አንድ ትልቅ ሀብት አለን፣ ሳይክል። ከተማው ሜዳ ነው፣ ከፔዳ ካምፓስ እስከ ፖሊ ካምፓስ ብትነዱ ዳገት ብሎ የሚያስቆማችሁ የለም፣ ዳገት ያማረው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይውጣ። እኔ ልጅ ሆኜ የጨርቃጨርቅ ሰራተኞች ሽፍት ሲወጡ መንገዱ በሳይክል ይሞላ ነበር፣ ሰንሰለቱ ሲንሿሿ፣ ደወሉ ሲጮህ፣ አንዱ ምሳ እቃውን መሪው ላይ አንጠልጥሎ ሌላው ሚስቱን ከኋላ ጭኖ። ማንም ስፖርት እየሰራሁ ነው አላለም፣ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው። የሚቆየው እንቅስቃሴ እንደዛ ያለው ነው፣ ከኑሮ ጋር የተሰፋው። ትምህርት ቤት በእግር መሄድ፣ ቅዳሜ ገበያ እናትን ተከትሎ ሄዶ እቃ ተሸክሞ መመለስ፣ ማታ አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግር ደርሶ መልስ ማለት፣ ድልድዩ ብቻውን እኮ 380 ሜትር ነው። የዛሬ ልጅ ትንሽ ብር ሲያገኝ ባጃጅ ውስጥ ይገባል። ለዝናብና ለሸክም ይሁን፣ ለሌላው ግን እግራችሁ አለ።

ዋናን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፣ ጣና ዳር ያደገ ልጅ መዋኘት ይወዳል፣ እኔም እዛው ነው የተማርኩት፣ ግን ዳር ዳሩ ሳር ያለበት የረጋ ውሃ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ በቆዳ የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ። የዋኛችሁ ካላችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው።

መውጣት የማይቻልበት ሰሞን ሲያጋጥም ደግሞ፣ ያው ታውቁታላችሁ፣ ግቢ ውስጥ ገመድ ዝለሉ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብድግ ስሩ፣ ታናናሾቻችሁን አሰልፉና አብራችሁ ስሩ። ቦታ ሳይሆን አብሮ የሚሰራ ሰው ነው የሚጠፋው።

እኔ ራሴ 50 ዓመት አካባቢ የቢሮ ስራ ሲሰጠኝ አምስት ዓመት ሙሉ አቁሜ ነበር፣ ሌላውን ሳሰለጥን የኖርኩት ሰውዬ። ጉልበቴ ማመም ሲጀምር፣ ደረጃ ስወጣ ደረቴ ሲጠብ እንኳን ነገ ነገ እያልኩ ነበር። የመለሰኝ ጎረቤቴ ነው፣ ከኔ በስድስት ዓመት ይበልጣል፣ አንድ ጠዋት የቆርቆሮ በሬን በሳንቲም ቋ ቋ ቋ አደረገና "ሳይክልህን አውጣ፣ ብቻዬን ሰለቸኝ" አለኝ። ጎማው ተንፍሶ ነበር፣ ጎሚስታ ድረስ እየገፋን ሄድን፣ የዛን ቀን ምንም አልነዳንም፣ አስፋልቱ ላይ እያወራን ሳይክል ገፍተን ተመለስን። በማግስቱም አንኳኳ።

እስኪ ዛሬ ማታ ቴሌግራም ላይ ለአንድ ጓደኛችሁ ጻፉለት፣ የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ኳስ ይሁን ሳይክል ይሁን ወይ ዝም ብሎ መራመድ፣ ብቻ ሰዓቱንና የምትገናኙበትን ቦታ ቁርጥ አድርጋችሁ ተነጋገሩ። እኔና ጎረቤቴ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ነን፣ ስታዩን ሰላም በሉን።