ለጣና ትንሽ ጀልባ የሚስማማ ሞተር፦ ጥያቄና መልስ

ከሦስት እስከ ስድስት ሜትር ርዝመት ላላት ጀልባ ከኋላ የሚታሰር ሞተር ለመግዛት የምታስቡ አባላት የምታቀርቡትን ጥያቄ ተራ በተራ እመልሳለሁ። ሙያዬ ጥገና ስለሆነ ስለ ዋጋና ስለ ቀረጥ ባትጠይቁኝ እመርጣለሁ። ከጥያቄያችሁ ጋር የጀልባውን ርዝመት፣ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ ቁመት፣ የምትጭኑትን ክብደትና የምትሄዱበትን ቦታ ጻፉ፤ እነዚህ አራቱ ከሌሉ የምሰጠው መልስ ከግምት አያልፍም።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምስት ሜትር ርዝመት ያላት የእንጨት ጀልባ አለችኝ። ቡናና ፍራፍሬ ጭኜ ባሕር ዳር ገበያ አደርሳለሁ፤ ከሰዎቹ ጋር ጭነቱ 400 ኪሎ ይሆናል። የኋላ ሳንቃዋ ቁመት 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ሻጩ ከ15 ፈረስ ጉልበት በታች እንዳልገዛ ይመክረኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ 5 ይበቃሃል ይለኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የሚያስፈልገውን ሁሉ ስለ ጻፍህ አመሰግናለሁ። ጎረቤትህ ከሻጩ ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። ጭነት የያዘች የእንጨት ጀልባ ውኃውን እየሰነጠቀች የምትሄድ እንጂ ከውኃው ተነሥታ የምትንሸራተት አይደለችም፤ የእንዲህ ያለች ጀልባ ፍጥነት ወሰን ደግሞ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ በራሷ ርዝመት ይወሰናል። ውኃው ላይ የሚያርፈው ርዝመቷ አምስት ሜትር ከሆነ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትደርስ አፍንጫዋ ይነሣል፣ ኋላዋ ይሰምጣል፤ ከዚያ ወዲያ የምትጨምርላት ጉልበት ማዕበል ከማስነሣትና ቤንዚን ከመጨረስ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። በዚያ ላይ ባለ አራት ምት የሆነው (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የማይቀላቀለው) 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር 50 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ጭነት ይዛ ዝቅ ያለችውን ጀልባ ከኋላዋ ይበልጥ ያጠልቃታል።

ይሁን እንጂ 5 ፈረስ ጉልበትንም አልመክርህም። ምክንያቱ ሻጮች ፈጽሞ የማያነሡት ነገር፣ ማለትም የጣና ከፍታ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ በሞተሩ ክዳን ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን በባሕር ወለል አየር የሚገኘውን ጉልበት የሚያመለክት ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በዚህም የተነሣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይጠፋል። እዚህ 5 ተብሎ የተሸጠልህ ሞተር የሚሰጥህ 4 ያህል፣ 8 የተባለው ደግሞ ስድስት ተኩል ያህል ነው። ጠዋት ውኃው ረግቶ ሳለ አራቱ ይበቁሃል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣና ማዕበሉ ፊት ለፊት ሲመጣብህ ግን አይበቁህም። ስለዚህ 8 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ አጭር እግር፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ማለትም በአንድ ዙር ብዙ የማይራመድ፣ ፕሮፔለር ያለው ግዛ። የማጥፊያውን ገመድ፣ ማለትም ነጂው ሲወድቅ ተነቅሎ ሞተሩን የሚያጠፋውን፣ ደግሞ ሁልጊዜ እጅህ ላይ እሰር።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የትኛው ሞተር ነው ጥሩ?

መልስ፦ ለየትኛው ጀልባ? አራቱን ነገሮች ጽፈው ይመለሱ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ መምህር፣ አራት ሜትር ከሃያ የሆነች ቀላል የፋይበር ጀልባ አለችኝ። ባለ ሁለት ምት 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር አስሬባታለሁ። ብቻዬን ስሆን ትነሣለች፤ ሦስት ሰው ስንሆን ግን አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ ታቃስታለች እንጂ አትነሣም። ካንዴላው በየጊዜው ይጠቁራል። መካኒኩ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ስላለቀ ሞተሩ ይፈታ ይላል። ሞተሩ ግን ገና አዲስ ነው።

መልስ፦ እባክህ ሞተሩን አታስፈታው። ችግርህ ያለው ፕሮፔለሩና ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር ላይ ይመስለኛል፤ ይህ ጣና ላይ ከሁሉ በላይ በስሕተት የሚታከም ሕመም ስለሆነ በዝርዝር ልመልስልህ።

በፕሮፔለርህ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸዋል። የመጀመሪያው የፕሮፔለሩ ስፋት ነው፤ ሁለተኛው ፒች የሚባለው ሲሆን፣ ፕሮፔለሩ ሳይንሸራተት በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊሄድ የሚችለውን ርቀት በኢንች ያመለክታል። ፋብሪካው ከሞተሩ ጋር የሚልከው ፕሮፔለር በዝቅተኛ ቦታ ለሚሠራ ሞተር የታሰበ ነው። ከ15ቱ ፈረስ ጉልበት 12 ያህል ብቻ በእጁ የቀረው ሞተር ያንኑ ፕሮፔለር ሲያዞር፣ መኪና በአራተኛ ማርሽ ዳገት እንደ ማስወጣት ይሆንበታል፤ መያዣውን እስከ መጨረሻው ብትጠመዝዘውም ተገቢው ዙር ላይ አይደርስም። ባለ ሁለት ምት 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር ሙሉ ኃይል ሲሰጠው በአብዛኛው በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር መድረስ አለበት፤ ትክክለኛው ልክ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። በካንዴላው ገመድ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ የዙር መለኪያ ግዛና የዘወትር ጭነትህን ይዘህ ለካ። ከ4,500 በታች ከሆነ ፒቹን ቀንስ፤ አንድ ኢንች መቀነስ ዙሩን በ200 ገደማ ከፍ ያደርገዋል። አሁን ያለው 11 ከሆነ 9 አስረህ ሞክር። ከፍተኛ ፍጥነትህ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ ጀልባህ ግን ሦስት ሰው ይዛ ትነሣለች።

የካንዴላው መጥቆርም ከከፍታው ጋር የተያያዘ ነው። አየሩ ሲቀንስ ካርቡሬተሩ የሚያሳልፈው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። መድኃኒቱ ቤንዚኑን መጥኖ የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን፣ ማለትም ጄቱን፣ አምራቹ ለዚህ ከፍታ ባዘዘው አነስተኛ ቁጥር መቀየር ነው። ቀዳዳውን በቆርቆሮ ብየዳ ማጥበብ ወይም በሽቦ መጎርጎር ግን ሞተር ማበላሸት ነው። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭላቸው አዳዲስ ሞተሮች ድብልቁን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የጠፋውን ጉልበት ግን እነሱም አይመልሱም፤ ስለዚህ የፕሮፔለሩ ጉዳይ ለእነሱም ያው ነው።

ሦስት ሰው ስትሆኑ ሁለቱ ወደ ፊት ይቀመጡ። የማጥፊያውን ገመድ እጅህ ላይ እሰር፤ ቀላል ጀልባ በድንገት ስትዞር ሰው ትወረውራለች፤ ነጂ የሌላት ጀልባ ደግሞ እየዞረች ተመልሳ የወደቀውን ሰው በፕሮፔለሯ ትመታለች።

ጥያቄ (ከቻግኒ)፦ ወንድሜ ጣና ላይ ዓሣ ሲያሰግርበት የነበረውን 15 ፈረስ ጉልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ሊሰጠኝ ነው። ወደ ንጋት ሐይቅ ወስጄ ልሠራበት አስቤአለሁ። ልጠንቀቅለት የሚገባ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። በመጀመሪያ ወንድምህ ጄቱን ለጣና ቀይሮት እንደ ሆነ ጠይቀው። ንጋት፣ ማለትም የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ፣ ሲሞላ የውኃው ወለል 640 ሜትር ላይ ነው፤ ከጣና ከ1,100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ለጣና የጠበበው ጄት በቂ ቤንዚን አያሳልፍም። በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ደግሞ ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ፣ ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል። እንዲህ ያለ ሞተር መጀመሪያ ላይ ከወትሮው ይልቅ የበረታ ይመስላል፤ ሙሉ ኃይል እየተሰጠው ጥቂት ከሠራ በኋላ ግን ፒስተኑ ይቀልጣል ወይም ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ሐይቁ ላይ ሳታወርደው የፋብሪካውን ጄት መልሰህ ግጠም። ፕሮፔለሩም ለጣና ተቀንሶ ከሆነ ከመጠን በላይ ስለሚዞር የቀድሞውን መልስለት።

ጥያቄ (ከመራዊ)፦ ባለ ሁለት ምት ይሻላል ወይስ ባለ አራት ምት?

መልስ፦ በየቀኑ ብዙ ሰዓት ለሚሠራ ሰው ባለ አራት ምት ይሻላል፤ ነዳጅ በግልጽ ይቆጥባል፣ ድምፁም ለስለስ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ዘይቱ በመጀመሪያው 20 ሰዓት፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ካልተቀየረ ዕድሜው አጭር ነው። ሞተሩን በየዕለቱ ተሸክሞ ቤቱ ለሚያስገባና መለዋወጫ ከሩቅ ለሚያመጣ ሰው ባለ ሁለት ምቱ ይቀለዋል።

አባል (ከቁንዝላ)፦ በዚህ አልስማማም። በእኛ በኩል ባለ አራት ምት የሚያውቅ መካኒክ የለም። ባለ ሁለት ምቱን ግን ባለቤቱ ራሱ ዳር ላይ ፈትቶ ይገጥመዋል። ሞተር መንገድ ላይ ከቆመ የተቆጠበው ቤንዚን ምን ይሠራል?

አባል (ከባሕር ዳር)፦ ወንድሜ፣ የሐይቁንም ነገር አስቡ እንጂ። ካርቡሬተር ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳያቃጥል ከነዘይቱ ውኃው ውስጥ ይተፋል። ይህን ውኃ የሚጠጣ ሕዝብ አለ። ጣና በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የተመዘገበው እንዲሁ አይደለም።

አባል (ከቁንዝላ)፦ ዓሣውን የጨረሰው የእኛ ጭስ አይደለም። ነጭ ዓሣ ሊራባ ወደ ወንዝ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጉትን ማን ተናገራቸው? እንቦጩስ ከጭስ መጣ?

አባል (ከባሕር ዳር)፦ እነዚያ መረቦች ወንዝ አፍ ድረስ የሚደርሱት በምን ሆነና? በሞተር አይደለምን?

መልስ፦ ሁለታችሁም የምታነሡት ጉዳይ ከባድ ነው፤ የመረቡ ነገር ግን ራሱን የቻለ ውይይት ስለሚገባው እዚህ እንዲቆም እጠይቃለሁ። ስለ ጭሱ የተባለው እውነት ነው፤ ጉዳቱን በከፊል መቀነስ የሚቻለው ዘይቱን በልክ በመቀላቀል ነው። አብዛኞቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች የሚፈልጉት አንድ እጅ ዘይት ለ50 እጅ ቤንዚን፣ ማለትም ለ20 ሊትር ጄሪካን 400 ሚሊ ሊትር ነው። አዲስ ሞተር ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት እጥፉን ይወስዳል። «ለጥንቃቄ» ተብሎ ከዚህ በላይ የሚጨመር ዘይት ካንዴላ ያበላሻል፣ ሐይቁንም ያቆሽሻል። ዘይቱ «ቲሲ ደብሊው 3» የሚል ጽሑፍ ያለበት የጀልባ ዘይት ይሁን። የሞተር ሳይክል ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ስለሆነ በውኃ በሚቀዘቅዘው ሞተር ውስጥ ዝቃጭ ይተዋል።

ጥያቄ (ከይስማላ)፦ 15 ፈረስ ጉልበት ብገዛ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በዘጌው ወንድማችን ተጠይቆ ተመልሷል፤ ያንን ያንብቡ። የጀልባዎን ርዝመትና ጭነት ሳይነግሩኝ «አዎን» ብል የማባክነው ገንዘብ የእርስዎ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በታንኳ ላይ ትንሽ ሞተር ማሰር ይቻላል? በባትሪ የሚሠራውስ እንዴት ነው?

መልስ፦ በደንገል ታንኳ ላይ አይቻልም፤ ሞተር የሚይዝ ሳንቃ የላትም፣ ደንገሉም ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። የባትሪው ለአጭር መንገድና ለረጋ ውኃ ነው። 50 አምፔር የሚስብ ሞተር የ100 አምፔር ሰዓት ባትሪን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል።

ጥያቄ (ከሰሜን አቸፈር)፦ ሽንኩርት የማጠጣበት 6.5 ፈረስ ጉልበት የውኃ ፓምፕ ሞተር አለኝ። ረጅም ዘንግና ፕሮፔለር አስበይጄ ለጀልባ ልጠቀምበት?

መልስ፦ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ በእስያ አገሮች በሰፊው የሚሠራበት ነው። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ እንቦጭ የሚደፍነው የውኃ መሳቢያ የለውም፤ ጥልቀት በሌለው ዳርቻም ዘንጉን ከፍ አድርጎ መሄድ ይቻላል። አደጋው ያለው ብየዳው ላይ ነው፤ ዘንጉ ጥቂት እንኳ ከጠመመ መንቀጥቀጡ ሳንቃውን ይሰነጥቃል። በጥሩ ቶርኖ ቤት ካልተሠራ አትሞክረው። ፕሮፔለሩ ያለ መከለያ ስለሚዞር ልጆች በሚዋኙበት ቦታ አታስነሣው። የማጥፊያ ገመድም ይገጠምለት፤ የፓምፕ ሞተር ከፋብሪካው ይህ ገመድ የለውም።

ጥያቄ (ከደቅ ደሴት፣ መነኩሴ)፦ ልጄ፣ ለገዳሙ እህል የምናመላልስባት ስድስት ሜትር የሆነች የብረት ጀልባ አለችን። ጭነቷ እስከ 700 ኪሎ ይደርሳል። ያለው 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር አረምና ደንገል ሲይዘው ይግላል፤ ፕሮፔለሩም ማዕበል ሲነሣ በባዶ ይጮኻል። ሌላ ሞተር እንግዛ ወይስ ይህ ይበቃል?

መልስ፦ አባቴ፣ ጉልበቱ ይበቃል፤ የሞተር ለውጥ አያስፈልግም። ማዕበል ላይ የሚጮኸው ፕሮፔለሩ ወደ ላይ ቀርቶ አየር ስለሚስብ ነው። የሞተር እግር በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው፤ አጭሩ 38 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ሳንቃ፣ ረጅሙ ለ51 ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። እባክዎ ሳንቃዋን ከላይኛው ጠርዝ እስከ ሆዷ ድረስ ያስለኩና ይንገሩኝ።

ስለ መጋሉ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ የሚፈልቀውን ቀጭን የውኃ መስመር ነጂው ዘወትር ይከታተለው። መስመሩ ከቀጠነ ወይም ከቆመ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ እግሩ ተነሥቶ የውኃ መሳቢያው ቀዳዳ ይጸዳ። እጅ ወደ ፕሮፔለሩ የሚቀርበው ሞተሩ ከጠፋና የማጥፊያው ገመድ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው። ክረምት ላይ ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል የውኃ ፓምፑን የጎማ ክንፎች ስለሚበላ፣ አረም ሳይኖርም ከጋለ ጎማው ይቀየር።

ጥያቄ (ከደቅ ደሴት፣ መነኩሴ)፦ አስለክቻለሁ፤ ሳንቃዋ 50 ሴንቲ ሜትር ናት። ሞተሩ አጭር እግር ነው አሉኝ።

መልስ፦ እንግዲያው ምክንያቱ እርሱ ነው። ሳንቃው መካከል ላይ ሞተሩ የሚያርፍበትን ስፋት ያህል 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ተደርጎ ይቆረጥ፤ ጠርዙም በወፍራም ብረት ይጠናከር። በተቆረጠው በኩል ማዕበል እንዳይገባ ከፊቱ እስከ ቀድሞው ቁመት የሚደርስ የብረት ግድግዳ ይበየድ፤ በግድግዳውና በሳንቃው መካከል የሚጠራቀመው ውኃ ወደ ውጭ የሚፈስበት ቀዳዳ ይተውለት። በያጁ ከመጀመሩ በፊት የቤንዚኑ ጋን ከጀልባዋ ወርዶ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።