ሳንቶሪኒን በራስ ማየት፦ የመርከቡን ጉብኝት ላልገዙ ጥያቄና መልስ

የክሩዝ (የመዝናኛ መርከብ ጉዞ) ወቅት ሲቃረብ ስለ ግሪኳ ደሴት ስለ ሳንቶሪኒ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይበዛል። ኑሮዬ አቴንስ ስለሆነ ከአሜሪካም ከእስራኤልም የሚመጣ ወዳጅ ዘመድ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። የሰሞኑን ጥያቄዎች እነሆ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ መርከቡ የሚሸጠው ጉብኝት ለቤተሰብ ሲሰላ ኪስ ይጎዳል። በራሳችን ብንወርድ እንቸገራለን?

አትቸገሩም። ግን አንድ ነገር እወቁ። እዚህ መርከቡ ወደብ አይጠጋም። ባሕሩ መሃል ይቆምና ሰው በትንንሽ ጀልባ ይወርዳል። ጉብኝት የገዙት ቀድመው ይወርዳሉ፤ አቲኒዮስ የሚባለው ወደብ ላይ አውቶቡስ ይጠብቃቸዋል። በራሱ የሚወርደው ተራውን ጠብቆ ፊራ ከተማ ሥር ካለው አሮጌ ወደብ ይደርሳል። ከተማዋ ግን ከላይ ነው ያለችው፤ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ገደል አናት ላይ። ቀናችሁ ማማሩም መበላሸቱም በዚያ ገደል ነው የሚወሰነው። የቀረው ሁሉ ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ገደሉን በምን እንውጣው?

አብዛኛው ሰው በኬብል ካር (በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄድ መጓጓዣ) ይወጣል። ጉዞው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ የሚያስመርረው ሰልፉ ነው። ሁለት ሦስት መርከብ በአንድ ጠዋት ከገባ ወረፋው አይጣል ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ለመውረድ ሞክሩ፤ ቁርሱን ቶሎ በሉና ተራ ቁጥር ያዙ።

ሁለተኛው በእግር ነው። ወደ 600 የሚጠጋ ደረጃ አለ፤ ሰፊ ነው፣ ግን ድንጋዩ በብዙ እግር ተልጎ ያንሸራትታል። በዚያ ላይ አህዮቹና በቅሎዎቹም የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ፋንድያው በፀሐይ ሲሞቅ ሽታው ራስ ያዞራል፤ እንስሳቱ ሲመጡ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ማሳለፍ ነው። ለመውጣት አልመክርም፣ ለመውረድ ግን ጉልበቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ይህን ያዙት፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አህያ መቀመጥ? ከ2018 ጀምሮ ከ100 ኪሎ በላይ ወይም ከእንስሳው ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ መጫን ክልክል ነው። የተፈቀደ ቢሆንም እኔ አንጀቴ አይችልም።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። እዚያው አሮጌው ወደብ ላይ በደሴቷ ሰሜናዊ ጫፍ ወዳለችው መንደር ወደ ኢያ በጀልባ የሚወስዱ አሉ። ኢያ ሥር ስትደርሱ በአውቶቡስ ያወጧችኋል፤ ስትጨርሱ ወደ ፊራ በመኪና ትመለሳላችሁ። ዋጋው ከኬብል ካሩ ይወደዳል። ግን የጠዋቱን ሰልፍ ታመልጣላችሁ፣ ኢያንም ገና ሳትጨናነቅ ታገኟታላችሁ። ኢያን ማየት ለፈለገ እኔ የምመርጥለት ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ያለን ሰባት ሰዓት ነው። ኢያ፣ አክሮቲሪ፣ ጥቁሩ አሸዋ፤ ሁሉንም እንችላለን?

ሁሉንም አትችሉም፣ አትሞክሩትም። የደሴቷ የሕዝብ አውቶቡስ መነሻው ሁሉ ፊራ ነው። ከኢያ ጥቁሩ አሸዋ ወዳለበት ወደ ካማሪ የባሕር ዳርቻ ለመሄድ ተመልሳችሁ ፊራ መቀየር አለባችሁ። ዋጋው ሁለት ዩሮ ገደማ ነው፣ ረዳቱ ውስጥ ይሰበስባል፤ ዝርዝር ዩሮ ያዙ። ታክሲ ጥቂት ስለሆነ እሱን ተስፋ አታድርጉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ኢያ ጠዋት፣ ፊራ ከሰዓት። ከፊራ ኢያ በአውቶቡስ 25 ደቂቃ ያህል ነው። ሰማያዊ ጉልላት ያላቸው ሕንፃዎች መኖሪያ ቤት መስለዋችሁ ከሆነ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ጣሪያ ላይ ለፎቶ የሚወጣውን ሰው አትከተሉ። የተከፈተ ካገኛችሁ ግቡና ሻማ አብሩ፤ ኦርቶዶክስ ለሆነ ሰው እንግድነት አይሰማውም።

ታሪክ ለሚወድ ደግሞ አክሮቲሪ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 አካባቢ በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረ ከተማ ነው፤ ቁፋሮው የተጀመረው በ1967 ነው። ባለ ፎቅ ቤቶቹ፣ የፍሳሽ ቦያቸው፣ ትልልቅ ጋኖቻቸው እንደቆሙ አሉ። ላዩ ጣሪያ ስላለው ፀሐይም አይመታችሁም። ጊዜ ካጠራችሁ ፊራ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለው የቅድመ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ከዚያ የወጡ የግድግዳ ሥዕሎች አሉ። ሰማያዊ ጦጣዎቹን ሳታዩ እንዳትወጡ።

ምንም ላለመሯሯጥ ለሚፈልግስ? ከፊራ ወደ ኢሜሮቪግሊ በእግር። ገደሉን ይዞ የሚሄድ መንገድ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። እይታው ከኢያ አያንስም፣ ግፊያው ግን የለም። ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ነው የምመጣው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

እህቴ፣ ለአንቺ ምክሬ ተቃራኒ ነው፤ የመርከቡን ጉብኝት ግዢ። በአቲኒዮስ በኩል አውቶቡሱ ታች ድረስ ይመጣላቸዋል፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ አይቆሙም። መመለሻው ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ኬብል ካር ስለሆነ ስትገዢ ይህን ጠይቂ። ኢያም ደረጃ በደረጃ ናት፤ ዋናው መንገድ ላይ ሆነው ቡና እየጠጡ ቢጠብቁሽ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የምወርደው።

ለአንድ ሰዓትም ቢሆን የሸንገን ቪዛ ያስፈልግሃል፤ ግሪን ካርድ እዚህ አይሠራም። መርከቡ መሃል ላይ ቱርክ ገብቶ ወደ ግሪክ የሚመለስ ከሆነ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ጠይቅ፣ የቱርክንም ለብቻው አጣራ። ሰው ወደቡ ላይ ሲደርስ ነው ይህን የሚሰማው። ከሃይፋ የምትነሱ የእስራኤል ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም።

ጥያቄ፦ በፍልሰታ ነው የምንመጣው። የጾም ምግብ እናገኛለን?

በደንብ! ግሪኮችም ይጾሟታል። የእነሱ ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው፤ የእኛ ኦገስት 7 ስለሚገባ አንድ ሳምንት አብራችሁ ትጾማላችሁ። «ኒስቲሲሞ» ካላችሁ አስተናጋጁ ይገባዋል። ዓሣ ባይፈቀድም ኦክቶፐስና ስኩዊድ ለእነሱ ጾም ስለሆነ ቢያቀርቡላችሁ አትገረሙ።

ፋቫ የሚባለውን እዘዙ። ቢጫ፣ ልል ያለ፣ ከላዩ ጥሬ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ያለበት፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትቀምሱት ክክ አልጫ ነው የምትሉት። እህሉ የጓያ የቅርብ ዘመድ ነው። አትደንግጡ፣ ደሴቲቱ ከጥንት ጀምሮ የምትበላው ነው፤ አንድ ሳህን ማንንም አያሽመደምድም። የቲማቲም ጥብሱም የጾም ነው፤ ሊጡ ውስጥ አይብ ወይ እንቁላል እንዳይኖር ብቻ ጠይቁ። ኦገስት 15 በዓላቸው ነው፣ ግሪኩ ራሱ ደሴት ለደሴት ስለሚዞር ሰው ይበዛል።

ጥያቄ፦ የኢያን ጀንበር መጥለቂያ ማየት የግድ ነው ይባላል?

ለክሩዝ ተጓዥ አይደለም። ያን ሰዓት መንገዱ መላወሻ የለውም፣ አውቶቡሱም ይሞላል። መርከባችሁ አመሻሽ ላይ ከሄደ ከመርከቡ ጣሪያ እዩት፤ ያው ጀንበር ናት።

ጥያቄ፦ መርከቡ ጥሎን ቢሄድስ?

በራሱ የወረደን ሰው አይጠብቅም። የመርከቡ ጉብኝት ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው፣ የራሳቸው አውቶቡስ ከዘገየ ይጠብቃሉ። እናንተ የመጨረሻው ጀልባ ከሚነሳበት ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ኬብል ካሩ አፍ ላይ ተገኙ። ሰልፉ ከረዘመ፣ ከላይ ያልኳችሁ ደረጃ አለ፤ ውረዱት። የሚያዳልጥ ጫማ ግን አታድርጉ።

ጠዋት ስትወርዱ የወደብ ወኪሉን ስልክ ከዕለቱ ፕሮግራም ወረቀት ላይ ፎቶ አንሱት። ካመለጣችሁ እሱን ነው የምትደውሉለት። ከአቲኒዮስ ወደ አቴንስ ወደብ ወደ ፒሬየስ ጀልባ አለ፣ አየር ማረፊያም አለ፤ ወጪው ግን የራሳችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ግሪክ ለክሩዝ ተጓዥ ክፍያ ጣለች የተባለውስ?

እውነት ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ደሴቶች ላይ በበጋው ወራት ለአንድ ሰው 20 ዩሮ ነው፤ በሌሎቹ ወራት ያንሳል። ወደቡ ላይ የሚሰበስባችሁ የለም፣ መርከቡ ሒሳባችሁ ላይ ይጨምረዋል። ስለዚህ ወደቡ ላይ «የመግቢያ ክፈሉ» የሚላችሁ ሰው ካለ ዝም ብላችሁ እለፉት።