«የአዝቴኮች ወረራ» ስንል ወራሪው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስፔናውያን ሜክሲኮን ሲይዙ የሚያሳዩ ስምንት የዘይት ቀለም ሥዕሎች አሉ። ስለ እነሱ ለወጣቶች መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው። በዚያን ጊዜ አገሩን ይገዙ የነበሩት የአዝቴኮች ዋና ከተማ፣ ቴኖችቲትላን፣ ስትያዝ የሚያሳየውን ሥዕል «የአዝቴኮች ወረራ» አልኩት። አራሚያችን ከጎኑ «አዝቴኮች ማንን ወረሩ?» ብለው ጻፉበት። ባልደረባዬ ደግሞ «ማቅናት» ይሻላል ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አራሚዎ ልክ ናቸው። «የ» ብቻውን አድራጊን ከተደራጊ አይለይም፤ «የእናት ናፍቆት» ስንል የምትናፈቀው እናት ናት። «ወረራ» ላይ ግን ልማዱ ከረጋ ቆይቷል፤ «የ» የሚያርፍበት ስም ወራሪው ነው። «የአንበጣ ወረራ» ሲባል ወራሪው አንበጣው ነው። «የጣሊያን ወረራ» ሲባልም ማን ማንን እንደወረረ የሚጠይቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ስለዚህ ርእስዎ ታሪኩን ገልብጦታል። ተወራሪውን ማስቀደም ከፈለጉ ግሱን ተደራጊ ያድርጉት፦ «የአዝቴኮች መወረር»።

ለዚህ ሥዕል ግን እሱንም አልመርጠውም። ወረራ የስፔናውያኑ አዛዥ ኮርቴስ እ.ኤ.አ. በ1519 ከባሕር ዳርቻው ካረፈበት ጊዜ አንሥቶ የሆነውን ሁሉ ይጠቀልላል፤ ሥዕሉ የሚያሳየው መጨረሻውን ነው። ቴኖችቲትላን በሐይቅ መካከል የተሠራች ከተማ ነበረች፤ ከየብስ የሚያገናኟት ውኃውን አቋርጠው የሚሄዱ የተገደቡ መንገዶች ናቸው። ኮርቴስ 13 መርከቦች አሠርቶ ሐይቁን ዘጋ፤ የመጠጥ ውኃዋንም አስቆረጠ። ፈንጣጣ ደግሞ ከዚያ በፊት ሕዝቡን ፈጅቶት ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 1521 ንጉሡ ኩዋውቴሞክ ተማረከ፣ ከተማዋም እጇን ሰጠች። ለእንዲህ ያለው ነገር አማርኛ «ተያዘች»፣ «ወደቀች» ይላል። ርእሱን «የቴኖችቲትላን መያዝ» ይበሉት።

«ማቅናት»ን አጥብቄ እቃወማለሁ። ቃሉ የጠመመን ማስተካከል፣ ጠፍ መሬትን ማልማት ነው፤ «አገር አቀና» የሚለውም ያሸነፈው ወገን አነጋገር ነው። ውኃ በቦይ ከቻፑልቴፔክ ኮረብታ የምታስመጣ፣ በሐይቅ ላይ አትክልት የምታለማ ከተማ ምኗ ይቀናል? ሠዓሊው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የሣለውም ከድርጊቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የአሸናፊዎቹን ታሪክ ነው የሣለው። ሥዕሉ አስቀድሞ ወደ አንድ ወገን ካደላ፣ የእርስዎ ርእስ ዳግመኛ ሊያደላ አይገባም።

«ማስገበር»ን አላነሡም፤ ለሌላው ገጽዎ ግን ይጠቅምዎታል። አዝቴኮች ራሳቸው በዙሪያቸው ያሉትን ሕዝቦች ያስገብሩ ነበር። አልገብርም ብሎ የኖረው የትላስካላ ሕዝብ ነው ከኮርቴስ ጋር በብዙ ሺህ ተሰልፎ የተዋጋው። ስለዚህ በመግለጫው ውስጥ «ስፔናውያን ያዟት» ብለው አያቁሙ፤ «ስፔናውያንና የትላስካላ ተዋጊዎች» ይበሉ።

ከስምንቱ አንዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1520 ስፔናውያን በሌሊት ከከተማዋ ሲያመልጡ የሚያሳይ ነው። ስፔኖቹ «አሳዛኝ ሌሊት» ይሉታል። ሐዘኑ የእነሱ ነው፤ የአዝቴኮች አይደለም። እርስዎ «የስፔናውያን ሽሽት» ቢሉት አንባቢው ያየውን ያነብባል።